በሩን የያዘው ድንጋይ

አባዬ ከላምበረቱ ቤት ወደ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር እማዬ አሮጌውን ቁም ሳጥን አስጣለችው፤ የማይሠራውን ሬዲዮ አስጣለችው፤ ድንጋዩን ግን ማስጣል አቃታት። ወገቡን የሚያመው ሰው እስከ አራተኛ ፎቅ አቅፎት ወጣ።

ቅዳሜ እኛ ልጆቹ የምንሰበሰብበት ቀን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። በሩ እንደ ልማዱ ገርበብ ብሏል፤ ከሥሩ ያ ጥቁር ድንጋይ ደግፎታል። በቅርብ የገባች ጎረቤት ደረጃው ላይ አስቆመችኝና፣ «ይቅርታ የኔ እህት፣ አባትሽ ድንጋዩን በር ላይ የሚያስቀምጡት ለምንድነው? ለእምነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«በር መያዣ ነው» አልኳት። አባዬም ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

እሷ ስታልፍ ጎንበስ ብዬ ነካሁት። አንዱ ልጅ በረጠበ ጫማው ረግጦት ገብቶ ኖሮ እርጥብ ነበር፤ እርጥብ ድንጋይ ደግሞ ሽታ አለው። የአፈር፣ የዝገት፣ ትንሽም የናፍጣ። ያ ሽታ ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ አራተኛን ወደምጠብቅበት ክረምት ይዞኝ ሄደ።

ቤታችን ከላምበረት አውቶብስ መናኸሪያ ጀርባ ነበር። ከሰሜን የሚመጡት አውቶብሶች ማታ ማታ ሲገቡ ጡሩምባቸው መስኮታችንን ያርገበግበዋል። አባዬ የራሱን ሚኒባስ ይነዳል፤ ከላምበረት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ። ረዳቱ ተካልኝ የሚባል የሰፈራችን ወጣት ሲሆን የእትዬ ዘነበች አንድ ልጅ ነው። ከእኔ በብዙ ዓመት የሚበልጠው ወንድሜ ናሆም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ይጠብቃል። በዓለም ላይ ከናሆም የሚበልጥብኝ ሰው አልነበረም፤ ጫማዬን እንኳ እሱ ካላሰረልኝ አላምነውም ነበር።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አባዬ ወገቡ ተይዞ ተኛ። ናሆም ቁልፉን ከአባዬ ኮት ኪስ አውጥቶ ሚኒባሱን ይዞ ወጣ። መንዳት ይችላል፤ ማለትም እችላለሁ ብሎ ያምናል። ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ላይ ከኮንክሪት ምሰሶ ጋር ተላተመ። ማንም አልተጎዳም። ናሆም ግን ፈራና መኪናውን እዚያው ትቶ በእግሩ ቤት ገባ። ማታ አባዬ «መኪናውስ?» ሲል ናሆም፣ «አላየሁም» አለ።

አላየሁም ማለት ተሰርቋል ማለት ሆነ። ሌላ ቁልፍ የነበረው ደግሞ ተካልኝ ብቻ ነው። አባዬ ወገቡን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ፤ ተካልኝን ከቤቱ አወጡትና ጣቢያ አደረ። ናሆም ያን ሌሊት ከእኔ አልጋ ጎን ካለው አልጋው ላይ ሲገላበጥ እሰማ ነበር፤ ሆዱን ያመመው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ መኪናው ተገኘ፤ የኋላ ወንበሩ ላይ የናሆም ጃኬት ነበር።

አባዬ አልጮኸም። ተካልኝን ሄዶ አስፈታው። ከዚያ ከግቢያችን ጥግ፣ ለአጥር ከተረፈው ድንጋይ መካከል ትልቁን አንስቶ ማጅራቱ ላይ ጫነና ጎንበስ ብሎ ወደ እትዬ ዘነበች ቤት ሄደ። እኔ ከኋላው ተከተልኩ። ሰፈሩ በሙሉ እያየው ነው። እትዬ ዘነበች ደጃፍ ሲደርስ በጉልበቱ ጭቃው ላይ ወረደና፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። እሳቸው ወዲያው አልወጡም፤ እስኪወጡ ድረስ አባዬ ከነድንጋዩ ጠበቀ። ሲወጡ ፊታቸው አብጦ ነበር። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከአንገቱ አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ፣ ተነሣ» አሉት። አባዬ ሲነሣ ማጅራቱ ተልጦ አየሁት። ይቅርታ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚደረግ ያን ቀን ተማርኩ፤ ቢያንስ የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ቤት ሲገባ ናሆም ሳሎን ቆሟል። አባዬ አላየውም፤ ግድግዳውን እያየ ነው የተናገረው። «ያንተን ድንጋይ እኔ ተሸከምኩልህ። ከእንግዲህ በዚህ በር ስትገባ እንዳላይህ» አለው።

ናሆም ደግሞ የአባቱ ልጅ ነው። ይቅርታ ሳይጠይቅ ቦርሳውን ያዘና በማለዳው አውቶብስ ደሴ ሄደ። እዚያ ጋራዥ ያለው የእማዬ ዘመድ አለ። ጫማዬን ያን ጠዋት ራሴ አሰርኩት፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ሳልደርስ ተፈታ።

ክረምት የሰፈራችን ልጆች በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነን። የሚያስተምረን ዲያቆን ሙሉጌታ ነው፤ በሥራ ቀን ቦሌ ኤርፖርት ዕቃ ጭነት ላይ ይሠራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ እኛ ጋ ይመጣል። ለፍልሰታ ፍቺ ቲያትር ልናሳይ ነው አለን። የጠፋው ልጅ ምሳሌ ነው፤ ድርሻውን ከአባቱ ተቀብሎ ሩቅ አገር ሄዶ፣ ሁሉን ጨርሶ፣ አሳማ ጠባቂ ሆኖ፣ በመጨረሻ ወደ አባቱ ቤት የተመለሰው ልጅ። ልቤ ዘለለ። ዲያቆን ሙሉጌታ ስለ እኛ ቤት ሰምቶ ያዘጋጀው መሰለኝ። ለካስ በየዓመቱ የሚሠሩት ያንኑ ነው።

አባትየውን ፍቅሩ ያዘ፤ ከሁላችንም ረጅሙ ስለሆነ። ልጁን ቢኒያም ያዘ፤ ከሁላችንም ረባሹ ስለሆነ። ችግር የመጣው አሳማዎቹ ላይ ነው። ማንም እናት ልጇ በፍልሰታ ጾም አሳማ እንዲሆን አልፈቀደችም። አንዷ እንዲያውም ነጠላዋን አስተካክላ መጥታ፣ «ዲያቆን፣ ልጄ ቆራቢ ናት፤ በግ ካለህ በግ ትሁን» አለችው። በታሪኩ ውስጥ በግ የለም ቢላት አልሰማችውም። በመጨረሻ አሳማዎቹ ከመጋረጃ ጀርባ ድምፅ ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ ድምፁን ደግሞ እኔ አወጣለሁ አልኩ። አሳማ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የአባዬን ማንኮራፋት አስመሰልኩና አለፈ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ ልጁ ወደ አባቱ የሚመለስበት ቦታ ላይ ስንደርስ ቢኒያም ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሩ ሥር ብሎኬት አንስቶ፣ ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ እየተንገዳገደ መጣ።

«ይሄን ማን ሰጠህ?» አለ ዲያቆን ሙሉጌታ።

«ማንም። ይቅርታ ሊጠይቅ አይደል እንዴ የሚመጣው?»

«ታሪኩ ላይ ድንጋይ ሰማህ?»

«ባይባልስ?» አለ ፍቅሩ፤ አባት ስለሆነ ክብሩ ተነክቶበታል። «ባዶ እጁን መጥቶ ዝም ብዬ ልቀበለው ነው?»

ሁላችንም ፍቅሩን ደገፍን። ዲያቆን ሙሉጌታ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ብሎኬቱን ከቢኒያም አንገት አውርዶ እሱ ላይ ተቀመጠበት። «ልጁ የሚናገረውን መንገድ ላይ ሲያጠና ነው የመጣው» አለን። «አባትየው ግን አላስጨረሰውም። ንግግሩን ሳይጨርስ አቀፈው። ድንጋይ የሚፈልግበት ጊዜ መች ሰጠውና?»

አልተዋጠልንም። እንዲህ ያለ አባት የሰፈራችን ሰው አልመሰለንም።

«እሺ፣ አንድ ጥያቄ» አለ። «አባትየው ልጁን ያየው ገና ሩቅ ሳለ ነው። ሰውን ከሩቅ ለማየት ምን ያስፈልጋል?»

«መነጽር» አለ ቢኒያም።

ዲያቆን ሙሉጌታ በጣም ሳቀና መልሱን ሳይነግረን ወደ ቤታችን ሰደደን።

እኔ ግን መንገድ ላይ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። የዚያ አገር አባት ድንጋይ ላይፈልግ ይችላል፤ የኔ አባት ግን ራሱ ተሸክሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ናሆም ደግሞ ቸልተኛ ነው፤ ቢመጣ እንደ ቢኒያም አያስብበትም፤ ባዶ እጁን መጥቶ አባዬ ሊመልሰው ነው። ስለዚህ ድንጋዩን እኔ ላዘጋጅለት ወሰንኩ።

ያን ክረምት ሰፈራችን ኮብልስቶን እየተነጠፈ ነበር፤ ድንጋይ ሞልቷል። ጠርዙ ማጅራት የማይልጥ ለስለስ ያለ ፈለግሁ። እያነሳሁ አንገቴ ላይ እሞክራለሁ። ለናሆም የሚከብድ እንዳይሆን፣ ለአባዬ ደግሞ የሚቀልበት እንዳይሆን። በመጨረሻ ከተቆለለው ሥር አንድ ጥቁር፣ ክብ፣ ሆዱ የተነፋ ድንጋይ አገኘሁና እያንከባለልኩ ወስጄ ከበራችን ውጭ አጥሩ ሥር አኖርኩት። ሲመጣ የመጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ደስ ብሎኝ እራቴን በላሁ።

በማግስቱ ድንጋዩ በቦታው የለም። ፈልጌ ፈልጌ የት ባገኘው ጥሩ ነው? የግቢያችን በር ሥር። የቆርቆሮ በራችን ናሆም ከሄደ ወዲህ ምሰሶው በዝናብ ስለዘመመ በራሱ ይዘጋል፤ ሲዘጋም መቀርቀሪያው ከውስጥ ይወድቃል። አባዬ የናሆምን ድንጋይ በሩን ማስደገፊያ አድርጎታል።

ወደ ቦታው መለስኩት። ወገቡ ሻል ብሎት፣ ሚኒባሱም ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰው አባዬ ማታ ሲገባ እንደገና በሩ ሥር አደረገው። መለስኩት። አደረገው። እማዬ ስለ ድንጋዩ ምንም አታውቅም፤ የሚያናድዳት የበሩ መከፈት ነው። «ሰው በሩን ይዘጋል እንጂ በክረምት ይከፍታል?» ትላለች።

«አየር ይግባ» ይላል አባዬ፣ በረንዳው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ።

የምን አየር። ዝናቡ እስከ ሳሎን ይገባል፤ እማዬ በየማታው ትወለውላለች። አባዬ ወንበሩን በረንዳ ላይ በበሩ ትይዩ አድርጎ የመጨረሻው አውቶብስ ጡሩምባ እስኪሰማ ይቀመጣል። እኔ የወገብ ሕመም ቀዝቃዛ አየር የሚፈልግ በሽታ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ድንጋዩን ወደ ውጭ ስጎትት ያዘኝ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

መዋሸት አሰብኩና ናሆም በውሸት የደረሰበት ትዝ አለኝ። «የናሆም ነው» አልኩት። «ሲመጣ እንዲሸከመው።»

አባዬ ቁጢጥ አለ። ድንጋዩን አየው፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደና ቁስሉ የነበረበትን ቦታ ዳበሰ። ድንጋዩን አንስቶ መልሶ በሩ ሥር አስቀመጠና፣ «እዚህ ይሁን፣ ሁለተኛ እንዳትነኪው» አለኝ።

አልጋዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ይቅር አለማለት ሳያንስ የይቅርታውን ድንጋይ እንኳ ከለከለው ብዬ አባቴን ጠላሁት።

ፍልሰታ ገባ። እኛም ጾምን፤ ከሰዓት በኋላ ልምምድ እያደረግን ስለ ምግብ ብቻ እናወራለን። በዚያ ሰሞን ነው እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ቤታችን የመጡት። እማዬ ሻይ ስታቀርብ አልቀመሱም።

«ታደሰ» አሉት አባዬን። «ልጄን ያሳሰርክብኝ አንተ ነህ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ድንጋዩን ከአንገትህ ያወረድኩት በነዚህ እጆቼ ነው። ተካልኝም ያው ካንተ ጋር እየሠራ ነው። እኛ የተውነውን ነገር አንተ ምን አግብቶህ ነው ይዘኸው የምትኖረው?»

አባዬ አቀረቀረ። «እርስዎ የተዉት ለእኔ ነው። እሱ መች ጠየቀ?»

«በሩን ዘግተህበት በየት ገብቶ ይጠይቅ?»

እማዬ የሻይ ማንኪያውን አስቀመጠች። አባዬ ወደ ውጭ እያየ፣ ድምፁ ቀጥኖ፣ «በሩን ማን ዘጋበት?» አለ።

እኔ ሮጬ ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው፣ በሩ ክፍት ነው። ቢሆንም የተከፈተው በናሆም ድንጋይ ነው፤ ታዲያ መጥቶ ምን ሊሸከም ነው? እማዬ ግን እኔ ያልገባኝ ገብቷት ኖሮ በማግስቱ ማለዳ መናኸሪያ ሄዳ ለአንድ የደሴ ሹፌር መልእክት ስትሰጥ አየኋት። ምን እንዳለችው ጠይቄ፣ «በሩ ክፍት ነው በለው አልኩት» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

የፍቺው ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቲያትሩን አሳየን። አባዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን መጥቶ ከኋላ ቆመ። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ በቀዳዳ አየዋለሁ። ሳንኮራፋ ሰው ሳቀ፤ አባዬም የራሱን ማንኮራፋት አወቀው መሰለኝ ፈገግ አለ። ቢኒያም ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ዲያቆን ሙሉጌታ ብሎኬቱን ደብቆበት ነበር። ፍቅሩ ሊያቅፈው ሲሮጥ የጥጥ ጺሙ ተገንጥሎ ወደቀ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወደ አባዬ አየሁ። አይስቅም። ፊቱን በጋቢው ጠርዝ ጠረገና ቲያትሩ ሳያልቅ ወጣ።

ተናደደ አልኩ። ከሁሉ ነገር በላይ የፈራሁት ይህን ነበር፤ ታሪኩን ሰምቶም እምቢ ማለቱን።

ቤት ስንደርስ እማዬ ዶሮ ወጧን ልትሠራ ወጥ ቤት ገባች። አባዬ ከጓሮ ባለው መታጠቢያ መስታወቱን ሰቅሎ ጢሙን ይላጫል። በሩ ክፍት ነው፤ ድንጋዩ በቦታው ነው። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እየፈታሁ ሳለ በበሩ ክፍተት ሌላ ጫማ አየሁ። ያ ጫማ የማን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ቀና ስል ናሆም ነው፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ቦርሳውን አንግቧል፤ አውቶብስ ሳይጠብቅ ሌሊት በጭነት መኪና ተሳፍሮ ነበር የመጣው።

እሱ ግን እኔን አላየኝም፤ የሚያየው ድንጋዩን ነው። ቸልተኛ ያልኩት ወንድሜ ጎንበስ አለ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣና ማጅራቱ ላይ ጫነው። ልክ እንደሱ ሲያደርግ በሩ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ቀስ እያለ ሄደ፤ ከዚያ ጓ ብሎ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ወደቀ።

«ናሆም» ብዬ ጮህኩ። ሮጬ ሄድኩ፤ መቀርቀሪያው ከእኔ ቁመት በላይ ነው። ብዘልም አልደረስኩበትም። ከውጭ ለጥቂት ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ እግር፤ ቁልቁል ወደ መናኸሪያው የሚሄድ፣ ቀስ ያለ እግር። አባዬ ገና ሲያየው በሩን የዘጋበት መስሎታል።

አባዬ ከጓሮ መጣ፤ ግማሽ ፊቱ የሳሙና አረፋ ነው። «በሩን ማን ዘጋው?»

«ናሆም ድንጋዩን አነሣው» አልኩት እያለቀስኩ። «እየሄደ ነው።»

አባቴ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ወገቡን የሚያመው ሰው መቀርቀሪያውን በአንድ እጁ አሽቀንጥሮ፣ አንዱ ነጠላ ጫማው በሩ ላይ ወልቆበት፣ አዲሱ ኮብልስቶን ላይ እየተንሸራተተ ሮጠ። ሴቶቹ ከየደጃፉ ወጡ። ናሆም መታጠፊያው ጋ ደርሷል፤ ድንጋዩን ማስቀመጥ እንኳ ረስቶ ማጅራቱ ላይ እንደያዘው ነው የሚሄደው።

«ናሆም» አለ አባዬ።

ናሆም ዞረ። በጉልበቱ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ ወረደ። «አባዬ፣ እኔ ያን ቀን…» ብሎ ጀመረ። አልጨረሰም። አባዬ ደርሶበት ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደውና እዚያው ውሃው ውስጥ ተንበርክኮ አቀፈው። የናሆም ጆሮና ፀጉር በሳሙና አረፋ ተሞላ። ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ እኔም ደርሼ ከመሀላቸው ገባሁ።

ትንሽ ቆይቶ አባዬ ወደ ድንጋዩ አየና፣ «ይሄን ለምን አነሣኸው?» አለው። «በሩን እኮ ነው የያዘልህ።»

ናሆም አልገባውም። እኔ ግን ያኔ፣ እርጥቡ ኮብልስቶን ላይ ቆሜ፣ አባዬ ክረምቱን ሙሉ «አየር ይግባ» ሲል ምን ማለቱ እንደነበር ገባኝ። በአባቴ ላይ የያዝኩት ጥላቻ የት እንደገባ አላውቅም።

አባዬ በአንድ እጁ ድንጋዩን፣ በሌላው ናሆምን ይዞ ዳገቱን ወጣ። እማዬ በሩን ይዛ ቆማለች፤ ጭልፋው እጇ ላይ ነው። የሰባ ፍሪዳ አልነበረንም፤ ዶሮው ግን ደርሷል። እትዬ ዘነበችና ተካልኝም ተጠርተው መጡ። ናሆም ሊነሣ ሲል ተካልኝ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና፣ «ብላ፣ ነገ ታወራዋለህ» አለው።

ሲመሽ ከሰሜን የሚመጡት አውቶብሶች መግባት ጀመሩ። እማዬ ብድግ አለች፣ ወደ ግቢው በር አየች፣ አባዬንም አየችው።

«አሁንስ?» አለችው።

«አሁን ዝጊው» አለ አባዬ።